ኩራዝና ማሾ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ

ግጥምና ወግ ፍለጋ ወደዚህ ጎራ ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ስለ ግራፊክስ ካርድ ልጽፍ ነው ስላችሁ ፊታችሁን እንዳታዞሩብኝ አደራ እላለሁ። እኔም ብሆን የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ቀን ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል፣ ማታ ማታ ደግሞ ስንኝ ስቆጥር የማመሽ ሰው ነኝ። ሆኖም የጥፍር ያህል ስፋት ያላት አንዲት ቁራጭ ሲሊከን በእኔና በታናሽ እህቴ መካከል ገብታ ሁለት ሳምንት አኳረፈችን፤ ለአባታችን ሙት ዓመት የጻፍሁትንም ግጥም በላችብኝ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና፣ ነገሩን ከሥሩ ስመረምር የደረስሁበትን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

አስቀድሜ ግን ወደ ልጅነት ቤታችን ልውሰዳችሁ።

በዚያ ቤት ሁለት መብራቶች ነበሩን። አንደኛው ኩራዝ ነው፤ ከቆርቆሮ የተበየደ፣ ባለ ክር፣ ጥቂት ላምባ ብዙ ሌሊት የምታዘልቀው። ሁለተኛው ማሾ ነው፤ በፓምፕ የሚነፋ፣ እንደ ንብ መንጋ የሚያጓራ፣ ሲበራ ሌሊቱን ቀን የሚያስመስል፣ ላምባውንም እንደ ውሃ የሚጠጣ። አባታችን ማሾውን ከተሰቀለበት የሚያወርደው እንግዳ ሲመጣ፣ ክርስትና ሲነሣ ወይም ለቅሶ ሲኖር ብቻ ነበር። እኛ ልጆቹ ለቤት ሥራችን ማሾው ይብራልን ብለን ስንለምነው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ለአንድ ደብተር?» ይለናል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ኩራዟን ወደ ደብተራችን ጠጋ አድርጎልን ወደ ሥራው ይመለሳል።

እነሆ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔና እህቴ ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛን። እርሷ የአርክቴክቸር ተማሪ ናት፤ የሕንፃ ሞዴል ትሠራበታለች። እኔ ግጥም እጽፍበታለሁ። የሸጠልን ሰው «ሁለት ግራፊክስ ያለው ነው» እያለ ደጋግሞ ሲያሞግሰው፣ ሁለት መሆኑ ለምን እንደሚጠቅም ሳልጠይቅ አንገቴን ነቀነቅሁ። በኋላ ግን ገባኝ፤ የገዛነው ላፕቶፕ ኩራዝም ማሾም ያለበት ቤት ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስክሪን ላይ የምናየውን ሁሉ፣ ፊደሉንም ሥዕሉንም፣ አስልቶ የሚያወጣ የኮምፒውተር ክፍል አለ፤ ጂፒዩ ይሉታል። አንደኛው ዓይነት ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዋናው ራም እየተበደረ ይኖራል፤ ጉልበቱ መጠነኛ፣ ፍጆታውም ጥቂት ነው። ሁለተኛው ራሱን ችሎ የቆመ ነው፤ የራሱ ቺፕና የራሱ ሜሞሪ አለው፤ ጉልበቱ ብዙ ነው፤ ሲሠራ ይግላል፣ ማራገቢያውም እንደ ማሾው ያጓራል። ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ደብዳቤ ለማንበብ፣ ፊልም ለማየት ትንሹ ይበቃል። በሺህ የሚቆጠር ክፍል ያለውን ሕንፃ በስክሪን ላይ ለማዞር፣ ቪዲዮ ለማቀናበር ወይም ከባድ ጨዋታ ለመጫወት ግን ትልቁ ያስፈልጋል። ላፕቶፑ ሁለቱንም ይዞ እንደ ሥራው ክብደት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገር ዘንድ ነው የተሠራው።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልመለስ።

የአባታችን ሙት ዓመት ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ዘመድ ሲሰበሰብ የማነበው ግጥም እየጻፍሁ ሳለ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። አልደነገጥሁም። ባትሪው ሙሉ ነበር፤ በሙሉ ባትሪ ደግሞ አራት ሰዓት ያህል እንደሚያመሸኝ ከልምድ አውቃለሁ። በጨለማ መጻፍም ደስ ይለኛል፤ ሰፈሩ ጸጥ ይላል፣ ቃል በቀላሉ ይመጣል። የማራገቢያው ድምፅ ከወትሮው ከፍ ማለቱን ሰምቻለሁ፤ ግን ልብ አላልሁትም። የባትሪ ማስጠንቀቂያ ብቅ ሲልም «ገና ነው» ብዬ ዘጋሁት። ወደ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የመጨረሻውን ስንኝ ቤት እየመታሁ ሳለ፣ ስክሪኑ ድርግም አለ። ያረጀ ባትሪ እንደ ደከመ በቅሎ ነው፤ ጥቂት መንገድ ሲቀረው ይተኛል። የምጽፍበት ፕሮግራም ተራ የጽሑፍ መክተቢያ በመሆኑ በራሱ አያስቀምጥም፤ እኔም አላስቀመጥሁም። ሠላሳ ሁለት ስንኝ ሄደ።

በማግስቱ እህቴ ላይ ጮህሁ። ላፕቶፑን ቀን የተጠቀመችበት እርሷ ናትና፣ «ባትሪውን ገደልሽው» አልኋት። እርሷም «ምንም አላደረግሁም» አለች። የአባቴን ስም አንሥቼ የማይባል ተናገርሁ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ እንኳ በጭንቅ ሆነ። ሙት ዓመቱም እንዲሁ አለፈ፤ ግጥም አላነበብሁም፤ ሁለታችንም በየፊናችን እንግዳ ስናስተናግድ ዋልን።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መውጣቴን ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው። የባንክ ሰው ሒሳብ አልገጥም ሲለው አያድርምና፣ የላፕቶፑን ፍጆታ በዋት የምታሳይ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጭኜ ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ አሰፈርሁ። ባትሪው አሁን መያዝ የሚችለው 36 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው። ትንሹ ግራፊክስ ብቻውን ሲሠራ ላፕቶፑ በጠቅላላው 9 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ 36 ለ9 ሲካፈል አራት ሰዓት ነው። ትልቁ ካርድ ነቅቶ ሲገኝ ግን ፍጆታው ወደ 24 ዋት ይወጣል፤ 36 ለ24 ሲካፈል አንድ ሰዓት ተኩል። ሒሳቡ ልክ እንደዚያች ሌሊት ሆነ። ማሾው ሲነድ ነበር ያመሸው፤ ያውም ለአንድ ደብተር።

ማን አበራው? የካርዱን መቆጣጠሪያ ገጽ ከፈትሁ። ፕሮግራሞች ሁሉ በትልቁ ካርድ ይሠሩ ዘንድ ታዝዟል። የሕንፃ መሥሪያው ፕሮግራምም ከጀርባ ሳይዘጋ ቀርቶ ካርዱ እንዳይተኛ ይዞት ነበር። «ያዝኋት» ብዬ ወደ እህቴ ሄድሁ። በረጋ መንፈስ አዳመጠችኝና እንዲህ አለችኝ፦

«አዎ፣ እኔ ነኝ የቀየርሁት። ከሁለት ወር በፊት ሥራዬን ለመምህራን ሳቀርብ፣ ሞዴሉ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ አልዞር አለኝ። አንዱ መምህር ሕንፃሽ ሳይሠራ ፈረሰ ወይ ብሎ አሳቀብኝ። በኋላ ሳየው ሁሉም ነገር በትንሹ ግራፊክስ እንዲሠራ ተደርጓል። ማን እንዳደረገው ግን አልጠየቅሁህም፤ ወንድም ጋሼ፣ አንተ ነህ ብዬ አልጮህሁብህም።»

አንባብያን ሆይ፣ እኔ ነበርሁ። ባትሪ ለመቆጠብ ብዬ፣ ምን እንደሚያስከትል ሳላጣራ፣ ሁሉንም ወደ ትንሹ ያዞርሁት እኔ ነበርሁ። ለእርሷም አልነገርኋትም። እርሷም መልሳ ስታዞረው ለእኔ አልነገረችኝም። ሁለታችንም በአንድ ቤት ውስጥ ተራ በተራ የአንዳችንን መብራት ስናጠፋና ስናበራ ነበርን፤ ላፕቶፑም ይህን ሁሉ እያየ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

የዛሬው አስተያየቴ የሚነሣው ከዚህ ዝምታ ነው።

ሁለት መብራት በአንድ ላፕቶፕ ማኖር አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሶኒ ቫዮ ኤስ-ዜድ በተባለው ላፕቶፑ ላይ አንዲት የምትገፋ ማብሪያ አኖረ፤ በአንድ ወገን «ጽናት»፣ በሌላው ወገን «ፍጥነት» እንደ ማለት ተጽፎባታል። ማብሪያዋን የገፋ ሰው ላፕቶፑን እንደገና ማስነሣት ነበረበት። አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ማክቡክ ፕሮ ላይ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ከአካውንት ወጥቶ እንደገና መግባት ግድ ነበር። አድካሚ ነው፤ አይካድም። ነገር ግን ሰውየው የትኛው መብራት እንደበራ ያውቃል፤ ያበራው ራሱ ነዋ!

እ.ኤ.አ. በ2010 ኒቪዲያ ኦፕቲመስ የተባለውን አሠራር ሲያወጣ ማብሪያዋን ከሰው እጅ ተቀብሎ ለሶፍትዌር ሰጠ። በዚህ አሠራር ስክሪኑ ሁልጊዜ ከትንሹ ግራፊክስ ጋር ተያይዞ ይኖራል። ከባድ ሥራ ሲመጣ ትልቁ ካርድ ይነቃል፣ ሥዕሉን ሠርቶ ለትንሹ ያቀብላል፣ ትንሹም ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል። ሥራው ሲያልቅ ትልቁ ተመልሶ ይተኛል። ለባንክ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ገንዘቡ ከካዝና ቢወጣም ደንበኛው እጅ የሚደርሰው በመስኮቱ ከፋይ በኩል ነው። ቅብብሎሹ ጥቂት ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ለጨዋታ የተሠሩ አንዳንድ ላፕቶፖች ስክሪኑን በቀጥታ ወደ ትልቁ ካርድ የሚያዞር መቀያየሪያም አላቸው።

ይህ አሠራር ብልህ ነው። ሰው ሳይደክም፣ ላፕቶፑ ሳይጠፋ፣ ሥራው መብራቱን ይመርጣል። የእኔ ቅሬታ ምርጫው ስለሚካሄድበት ጨለማ ነው። ጨለማው ምን ያህል እንደሚያናድድ ለማየት የሊኑክስን ተጠቃሚዎች ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ኦፕቲመስ ሲወጣ ለሊኑክስ ድጋፍ ስላልነበረው፣ በጎ ፈቃደኞች በምብልቢ የሚባል ፕሮጀክት አቋቁመው በራሳቸው ድካም ክፍተቱን ለመሙላት ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊኑስ ቶርቫልድስ በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ሲናገር ከታዳሚ የቀረበለት ጥያቄ ይኸው የኦፕቲመስ ጉዳይ ነበር፤ ሰውየውም ንዴቱን በመሃል ጣቱ ጭምር ገለጠው። ምልክቱን እኔ አልደግፈውም፤ ያደግሁበት ቤት አይፈቅድልኝም። ንዴቱ ግን ይገባኛል። በገንዘብህ በገዛኸው ዕቃ ውስጥ የሚሆነውን ማየት ሲሳንህ፣ ዕቃው የአንተ መሆኑ ያጠራጥርሃል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2022 የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ለሁሉም ክፍት ማድረጉንም ሳልጠቅስ ባልፍ ፍርዴ ይጓደላል።

በዚህ ጉዳይ ሦስት ዓይነት ሰዎች አጋጥመውኛል። የመጀመሪያዎቹ «ትልቁን ለዘለዓለም አጥፋው» ይላሉ። እኔ ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ፤ ፍሬውም የእህቴ ኀፍረት ሆነ። ቁጠባ መልካም ነው፤ ግን በሌላው ሰው ሥራ ላይ የሚቆጠብ ቁጠባ ስስት ይባላል። ሁለተኛዎቹ «ከፍለህበታል፣ ሁልጊዜ አብራው» ይላሉ። እነዚህ መብራት የማይጠፋበት አገር ሰዎች ይመስሉኛል። ሦስተኛዎቹ «ኮምፒውተሩ ያውቃል፣ ለእርሱ ተውለት» የሚሉ ናቸው። ከሁሉ የሚሻሉት እነዚህ ቢሆኑም እኔ አንድ ነገር እጨምርባቸዋለሁ፦ ተውለት፣ ነገር ግን መዝገቡን አስከፍተህ እይ።

በባንክ ቤት ለሃምሳ ብር ካዝና አይከፈትም። ከፋዩ በመሳቢያው ለዕለቱ የሚበቃ ገንዘብ ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ ካዝናው በሁለት ሰዎች ቁልፍ ይከፈታል፣ የወጣውም ይመዘገባል። ካዝናው ተከፍቶ ማንም ሳያውቅ ቢያድር ቅርንጫፉ በሙሉ ይጠየቃል። በላፕቶፓችን ውስጥ ግን ትልቁ ካዝና ቀን ከሌት ተከፍቶ ሲውል ሲያድር የሚያሳውቅ አንዲት ምልክት እንኳ ፊት ለፊት አልነበረችም። ከባትሪው ምልክት ጎን አንዲት ነጥብ ብትኖር፣ ትልቁ ሲነቃ ብትቀላ፣ እኔም ግጥሜን አላጣም፣ እህቴም አትስቅባትም ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው የምጠይቀው።

«ተጠቃሚው ምን ያውቃል? ብዙ ምልክት ያደናግረዋል» የሚል መልስ እሰማለሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን የትኛው መብራት እንደበራ ከድምፁ ታውቅ ነበር። ሰው የሚያደናግረው የማያየው ነገር ነው።

ምልክቱ እስኪመጣ ድረስ በእጃችን ያለውን እንጠቀም። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2018 ከመጣው ማሻሻያ ጀምሮ ለየፕሮግራሙ መብራት መምረጥ ይቻላል። ሴቲንግ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ግራፊክስ ብሎ መግባት ነው፤ እዚያ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም «ሲስተሙ ይወስን»፣ «ኃይል ቆጣቢ» ወይም «ከፍተኛ ብቃት» እንደ ማለት ያሉ ምርጫዎች አሉ። ሁሉን በአንድ ትእዛዝ ከመጠቅለል ይልቅ በየስሙ መመደብ ይሻላል። ታስክ ማናጀርን የከፈተ ሰው ሁለቱን ግራፊክሶች ጂፒዩ 0 እና ጂፒዩ 1 ተብለው ያገኛቸዋል፤ በዝርዝሩ ገጽ ላይም «ጂፒዩ ኢንጂን» የሚለውን ዓምድ ቢጨምር የትኛው ፕሮግራም የትኛውን እንደያዘ ያያል። መብራት ከሄደ በኋላ ማራገቢያው የሚያጓራ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ይመልከት። ከባዱን ፕሮግራም ከጀርባ ትቶ መሄድ ማሾን አብርቶ ከቤት እንደ መውጣት ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ የውጭ ስክሪን መሰካት ብቻውን ትልቁን ካርድ ይቀሰቅሰዋልና ይህም ይታወቅ።

ላፕቶፕ ልትገዙ ላሰባችሁ ግጥም ጸሐፊዎች ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ሻጩ ትልቁን ካርድ ሲያሞግስላችሁ የአባቴን ጥያቄ ጠይቁት፦ «ለአንድ ደብተር?» ስንኝ ለመጻፍ ትንሹ ግራፊክስ ከበቂ በላይ ነው። በተረፈው ገንዘብ አዲስ ባትሪ ግዙ።

እኔና እህቴስ? ታረቅን። የሕንፃ ፕሮግራሟን በስሙ ለትልቁ ካርድ መደብን፣ የቀረውን ለትንሹ ሰጠን። በላፕቶፑ ክዳን ላይም አንዲት ወረቀት ለጠፍን፤ ሴቲንግ የነካ ሰው ቀኑንና የነካውን ይጽፍባታል። የባንክ ልማድ ነው ብላ ሳቀችብኝ፤ ግን ትጽፋለች። በሰነ ጽሑፍ ያልተፈታ ነገር በሁለት መስመር ማስታወሻ ተፈታ ብትሉኝ አልቀየምም።

ግጥሙን በኋላ ከትዝታ ልመልሰው ሞከርሁ። ከሠላሳ ሁለቱ ስንኝ የመጡልኝ አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። የጠፉትን አንድ በአንድ ባስታውሳቸውም ኖሮ ምን ያህሉን እንደማስቀራቸው እንጃ፤ በዚያች ሌሊት ግጥሙም ውስጥ ማሾ ነበር የበራው፤ ትልልቅ ቃል፣ ብዙ ጩኸት። አባቴ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት መታሰቢያ ላይ አሥራ አንዱን አነባለሁ፤ እህቴ ከጎኔ ትቆማለች። ለዛሬው ግን በኩራዝ የተጻፉትን እነዚህን አራት ስንኞች ተቀበሉኝ።

ለእንጀራ ቁራሽ ሰይፍ አይመዘዝም፣
ለጓዳ ጨለማ ፀሐይ አይታዘዝም፤
ኩራዜ ሆይ ብሪ፣ ላንቺ ነው ሌሊቱ፣
ትልቁን አልጠራም ሳይደርስ ሰዓቱ።

ቸር ያሰንብተን።